ለአኩሪ አተር ዩሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩን እዩ

አኩሪ አተር የምትዘሩ፣ በተለይ በመተከል፣ በወለጋና በጅማ ያላችሁ፣ ለማሳው ሁሉ እኩል ማዳበሪያ ከመበተናችሁ በፊት ይህችን ሞክሯት። ሰብሉ ሲያብብ ከዳገቱም፣ ከረባዳውም፣ ከቤት አጠገብ ካለውም አምስት አምስት ተክል በአካፋ ቆፍራችሁ አውጡ። በእጅ አትንቀሉት፤ ሥሩ ላይ ያሉት ትናንሽ እባጮች አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን በውኃ አለቅልቁና እባጮቹን በጥፍር ሰንጥቋቸው።

ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ ናይትሮጅን ከአየር እየወሰደ ተክሉን እየመገበው ነው። እዚያ የናይትሮጅን ማዳበሪያ የሆነውን ዩሪያ መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ እንዲያውም ተክሉ እባጭ ማውጣቱን ይቀንሳል።

ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆኑ፣ ወይም ጭራሽ ከሌሉ ቦታውን ምልክት አድርጉበት። በሚቀጥለው ክረምት ለዚያ ክፍል የሚሆነውን ዘር ጥላ ሥር በሕያው ማዳበሪያ (ይህንኑ ባክቴሪያ በያዘው) አሽታችሁ ወዲያው እርጥብ አፈር ላይ ዝሩት፤ ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። ስትገዙ የአኩሪ አተር መሆኑን አረጋግጡ፣ የባቄላው አይሠራለትም።

በምዕራቡ አገራችን ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የአፈሩ አሲድ ነው። የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ባክቴሪያው ይዳከማል፣ ፎስፈረሱም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ይታሰራል። ፎስፈረስ የሚሰጠው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ 38 በመቶ ፎስፌት ቢይዝም ተክሉ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ስለዚህ የደከመውን ክፍል አፈር ከሌላው ሳትደባልቁ ለብቻው አስመርምሩ፤ አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ያስፈልገዋል ከተባላችሁ ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ በእርሻ ቀላቅሉት።