ፒኑ እምቢ ሲል፦ የቤት ኮምፒውተር መግቢያ ችግርና መፍትሄ

ካፕስ ሎክን አይታችኋል፣ ማሽኑንም አጥፍታችሁ አብርታችኋል ብዬ ልነሳ። የማወራው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው።

የምታውቁትን የይለፍ ቃል «ስህተት ነው» ካለ፦ ላፕቶፑ ከዱባይ የመጣ ነው? ከታች በስተቀኝ ያለውን የቋንቋ ምልክት ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ዐረብኛ ላይ ሆኖ ይገኛል። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ ስፔስን በመንካት መልሱት። የብሪታንያ ኪቦርድ ተመርጦ ከሆነ ደግሞ ሺፍትና 2 የኢሜይል ምልክቷን ትተው ትእምርተ ጥቅስ ይጽፋሉ። የዓይን ምስሏን ተጭናችሁ የጻፋችሁትን አንብቡት።

በቀኝ በኩል ባሉት ቁጥሮች ፒን አልጻፍ ካለ፦ ነም ሎክ የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ።

የይለፍ ቃሉን በስልክ ቀይራችሁ ኮምፒውተሩ አሮጌውን ብቻ ከተቀበለ፦ ኢንተርኔት አላገኘም። በአሮጌው ግቡ፣ አገናኙት፣ ቆልፋችሁ በአዲሱ ክፈቱት።

በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ትናንት ሲሠራ የነበረው ፒን ዛሬ «አገልግሎት አይሰጥም፣ እንደገና አውጡ» ይባላል፤ ሲነካ የማይክሮሶፍት አካውንት (ዊንዶውሱ የተከፈተበት ኢሜይል) የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ባለቤቱ «እኔ ፒን እንጂ የይለፍ ቃል የለኝም» ይላል። አለው፤ እሱ አያውቀውም እንጂ። ፒን የሚኖረው በዚያው ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። ማዘርቦርድ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ሲቀየር ወይም ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሲታደስ ሊጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ የሚያድነው የአካውንቱ የይለፍ ቃል ነው።

የማን አካውንት? ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አንዲት መምህርት የማስተርስ ጽሑፏን የያዘ ላፕቶፕ አመጣችልኝ። በመግቢያው ላይ የማታውቀው ስም ተጽፏል፤ ሻጩ ለመገላገል ብሎ የፈጠረው ኢሜይል ነው። ሲደወልለት «አምጪው፣ ፎርማት አደርግልሻለሁ» አለ፤ ያለውን ሁሉ አጠፋዋለሁ ማለቱ ነው። ዲስኩን አውጥቼ በሌላ ማሽን ላነበው ሞከርኩ፤ ተመስጥሯል (ያለ ቁልፉ እንዳይነበብ ተደርጓል)፣ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ጠየቀኝ። ቁጥሩ የተቀመጠው እዚያው የሻጩ አካውንት ውስጥ! የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ደግሞ ሻጩ ወደጣለው ስልክ ቁጥር ነበር። ሲም ካርዱ ከ11 ቀን በኋላ ከመሳቢያው ባይገኝ ኖሮ ጽሑፉ ቀርቶ ነበር።

ከአሜሪካ የሚላክ ላፕቶፕም ያው ነው። ወንድም በራሱ አካውንት ከፍቶ ይልከዋል፤ እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ኮድ ሲጠየቅ ዋሽንግተን ውስጥ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው።

ስለዚህ ፒኑ እየሠራ ሳለ፣ ዛሬውኑ፣ ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ፣ ከዚያ ዩር ኢንፎ ግቡና የማን ኢሜይል እንዳለ እዩ። የእናንተ ካልሆነ፦

መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ቅዱ። ይህን ሳታደርጉ አትቀጥሉ። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ሥር ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን (የዲስክ ምስጠራ) የሚል ካገኛችሁ አጥፉትና ፈትቶ እስኪጨርስ ጠብቁ፤ ቻርጀሩን አትንቀሉ። ከዚያ ወደ ዩር ኢንፎ ተመልሳችሁ ወደ ሎካል አካውንት (በዚያው ማሽን ላይ ብቻ ወደሚኖር አካውንት) የሚያዛውረውን መስመር ምረጡ፤ ማንነት ሲጠይቅ ፒኑን ስጡት፣ አዲስ የይለፍ ቃል አውጡ። ሦስቱን የደኅንነት ጥያቄዎች ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው መልስ አትሙሉ። ምስጠራውን መልሳችሁ የምታበሩት በራሳችሁ ኢሜይል ከገባችሁ በኋላ ነው፤ ያኔ ቁጥሩ በእናንተ አካውንት ይቀመጣል።

የራሳችሁ አካውንት ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ተቀይሮ ከሆነም አሁኑኑ አስተካክሉ። ሌላ ማረጋገጫ ሳይኖራችሁ የማረጋገጫ ስልኩንና ኢሜይሉን ሁሉ ለመተካት ብትጠይቁ 30 ቀን ያስጠብቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለቤት ውስጥ ባለሙያዎች፦ የልጃችሁን የሎካል አካውንት የይለፍ ቃል ከራሳችሁ አካውንት ሆናችሁ በኃይል አትቀይሩ፤ በዊንዶውስ የመሰጠራቸው ፋይሎችና ያስቀመጣቸው የይለፍ ቃሎች ሊጠፉ ይችላሉ። አሮጌውን የሚያስታውስ ከሆነ ራሱ ገብቶ ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን ተጭኖ ይቀይር።

ሻይ ፈስሶበት አንድ ፊደል የማይጽፍ ኪቦርድ ካላችሁ ደግሞ በመግቢያው ገጽ ከታች በቀኝ ካሉት ምስሎች የስክሪን ኪቦርዱን ክፈቱና በማውስ ጻፉ።