ሐረጎን መውጣት ያቃተውን አሮጌ የጭነት መኪና እንዴት መመርመር ይቻላል?

ደሴ ከኮምቦልቻ ብትርቅ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለአሮጌ ሞተር ግን ያቺ አጭር መንገድ ቀላል አይደለችም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ መኪናው ጭነቱን እንደተሸከመ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ይጠበቅበታል። ሜዳ ላይ ደህና የነበረው መኪና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ጥምዝ ሲያያዘው ሦስተኛ ማርሽ ይከብደዋል፤ ወደ ሁለተኛ ይወርዳል፤ እዚያም ያቃስታል። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ጥሩምባውን ያንባርቃል። አሽከርካሪው እንደምንም ደሴ ገብቶ ጋራዥ በር ላይ ሲቆም የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ «ፖምፓው ደክሟል፤ ፈትታችሁ እዩልኝ።»

ፖምፓው፣ ማለትም ናፍታውን በግፊት ወደ ሲሊንደሮቹ የሚልከው ክፍል፣ ሊደክም ይችላል። ነገር ግን እኔ ካየኋቸው ጉልበት ያነሳቸው መኪኖች የብዙዎቹ ችግር ከፖምፓው ውጭ ነበር። ፖምፓ ማስፈታት ውድ ነው፤ ያለ መፈተሻ ማሽን የተፈታ ፖምፓ ደግሞ በአንዱ ብልሽት ላይ ሌላ ጨምሮ ይመለሳል። ስለዚህ ምርመራው ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምርና ፖምፓው ጋ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። የምጽፈው ስለ አሮጌዎቹ፣ ማለትም በኮምፒውተር ስለማይታዘዙት የናፍታ ሞተሮች ነው፤ የድሮዎቹን አይሱዙና ፊያት የመሳሰሉትን።

መጀመሪያ የተራራውን ድርሻ ይቀንሱ

በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል የመጣ መኪና ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ደከም ቢል አልታመመም፤ የሚተነፍሰው አየር ሳስቶበት ነው። ስለዚህ መኪናዎን በአፋር ሜዳ ከነበረው ጉልበቱ ጋር አያወዳድሩት። ከራሱ ጋር፣ በዚሁ ዳገት ላይ ያወዳድሩት። አንድ መታጠፊያ ይምረጡ፤ በምን ያህል ጭነት፣ በስንተኛ ማርሽ፣ በስንት ፍጥነት እንደወጣው ደብተር ላይ ይጻፉ። ረዳትዎ በመስተዋት የጭሱን ቀለም ይይ።

ጭሱ ብዙ ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ናፍታው ከአየሩ በዝቷል፤ የአየር ማጣሪያው ታፍኗል፣ ቱርቦው አይነፋም ወይም ናፍታውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ኖዝሎች ያንጠባጥባሉ። ጉልበት ሳይኖር ጭስም ከሌለ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ናፍታው ሞተሩ ጋ እየደረሰ አይደለም። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። ነጭ ጭስ በደሴ ማለዳ ብርድ ለጥቂት ደቂቃ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ግን የናፍታው መርጫ ጊዜ ዘግይቷል፣ የሲሊንደሩ እመቃ (አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ወርዷል ወይም ውኃ እየገባ ነው። ራዲያተሩ ውኃ የሚጎድልበት ከሆነ የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውን ይጠርጥሩ።

በእርግጥ ሞተሩ ነው?

ይህን ጥያቄ ዘልሎ ሞተር የከፈተ ብዙ ነው። የያዘ ፍሬን ጤነኛ ሞተርን ያደክማል። ሜዳ ላይ ፍሬን ብዙ ሳይነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱና ይቁሙ፤ እጅዎን ሳያስነኩ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሐል ያስጠጉ። ከሌሎቹ ለይቶ የሚጋረፍ ካለ በሽተኛው እሱ ነው። የጎማውን ንፋስም በዚያው ይመልከቱ።

ቀጥሎ ፍሪሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለማርሹ የሚያስተላልፈው ክፍል። ዳገት ላይ የሞተሩ ድምፅ ከፍ እያለ መኪናው ግን ካልፈጠነ፣ የተቃጠለ ሽታም ከመጣ፣ ሞተሩ ጉልበት አለው፤ ጎማው ጋ የሚያደርሰው ነው የጠፋው። ለማረጋገጥ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ከፊትም ከኋላም ሰው አለመኖሩን አይተው በትልቁ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሙከራውን አይደጋግሙት፤ ያለውንም ይጨርሰዋል።

የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይሄዳል?

አንድ ጊዜ አይሱዙ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት አሽከርካሪ ነበሩ። ፖምፓውን ሌላ ቦታ አስፈትተው፣ ከፍለው፣ ሐረጎ ላይ እንደ ቀድሞው ሆኖባቸው ነው የመጡት። ካቢናውን ዘንበል ከማድረጌ በፊት የሞተሩን መክፈቻ አንሥቼ ከፖምፓው ጎን ያለችውን፣ ፔዳሉ በገመድ የሚስባትን ክንድ እያየሁ፣ «ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው ይርገጡት» አልኳቸው።

«ረግጬዋለሁ ልጄ፤ ከዚህ በላይ ወለሉን ልብሳው እንዴ?»

ክንዷ ግን ማቆሚያዋ ብሎን ጋ አልደረሰችም፤ አንድ ጣት ያህል ይቀራታል። ከፔዳሉ ሥር ስንመለከት የመኪናው የራሱ ላስቲክ፣ ከላዩ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ከዚያም ላይ ለደሴ ብርድ ብለው ያነጠፉት የበግ አጎዛ ተደራርቧል። ፔዳሉ የሚቆመው አጎዛው ላይ ነበር። አጎዛውን አንሥተን፣ የረዘመውን ገመድ በብሎኑ ወጥረን ሸኘናቸው። ሽማግሌው አልሳቁም፤ ለፖምፓው የከፈሉትን እያሰሉ ነበር።

ሞተሩን አጥፍተው ይህን ሙከራ ዛሬውኑ ያድርጉት። አንድ ሰው ይረግጣል፣ ሌላው ክንዷን ያያል። ክንዷ ማቆሚያዋን መንካት አለባት።

አየር

የአየር ማጣሪያውን (ፊልትሮውን) አውጥተው አምፖል ከውስጥ ያስገቡና በጨለማ ቦታ ያብሩ። ብርሃኑ በወረቀቱ ውስጥ ዙሪያውን እኩል ካልታየ ይቀየር። ንፋስ የሚነፉ ከሆነ በዝቅተኛ ግፊት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን፤ ከውጭ የተነፋ አቧራ ወረቀቱ ውስጥ ይቀበራል። የወረቀት ፊልትሮ በውኃ አይታጠብም። ፊልትሮውን አውጥቶ «እስኪ ያለሱ ልሞክረው» ማለትም በኛ አቧራ የሲሊንደር ዕድሜ መሸጥ ነው። ጎማ ቱቦዎቹን ደግሞ ሞተሩ እየሠራ ይመልከቱ፤ ያረጀ ቱቦ ቆሞ ሲያዩት ደህና መስሎ፣ ሞተሩ ሲስብ ወደ ውስጥ ይጣበቃል።

ቱርቦ ካለው፣ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ማሰሪያው ላልቶ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ በጭነት ጊዜ የሚሰማ የፉጨት ድምፅና ጥላሸት የመሰለ የዘይት ጠባሳ ምልክቶቹ ናቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የቱርቦውን ዘንግ በጣት ያነቃንቁ። ወደ ጎን ትንሽ መነቃነቅ አለው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊሰማዎት አይገባም። ምላጮቹ ግድግዳውን ከነኩ ቱርቦው አብቅቶለታል።

ናፍታ፦ ብዙው ችግር የሚገኝበት

መኪናው ሲነሣ ደህና ሆኖ ከተወሰነ ኪሎ ሜትር በኋላ የሚደክም ከሆነ፣ በደከመበት ቦታ ዳር ይዘው የሰልባትዮውን (የናፍታ ታንከሩን) ክዳን ይክፈቱ። ሽው ብሎ አየር ከገባ የክዳኑ መተንፈሻ በጭቃ ተደፍኗል፤ ናፍታው እየተሳበ ሲሄድ በምትኩ አየር ስለማይገባ ሰልባትዮው ናፍታውን መልሶ ይይዘዋል። አንድ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል።

ቀጥሎ ከናፍታ ፊልትሮው ሥር ትንሽ ወደ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቅዱና ግማሽ ሰዓት ያስቀምጡት። ውኃ ካለ ከሥር ይለያል፤ ዝገትና ደለልም ይታያል። ናፍታ ሲጠፋ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳው ብዙ ጊዜ እነዚህን ይዞ ነው የሚመጣው። እንዲህ ከሆነ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ሰልባትዮው ወርዶ ይታጠብ፣ የመሳቢያው ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊትም ትታይ። ያቺን ወንፊት የሚያስታውሳት ጥቂት ነው።

የምወደው ሙከራ የጀሪካን ሙከራ ነው። ንጹሕ ናፍታ የሞላ ጀሪካን ከካቢናው ውጭ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ በደንብ ይታሰር። ወደ መሳቢያው ፖምፓ (ናፍታውን ከሰልባትዮው ወደሚስበው ትንሽ ፖምፓ) የሚገባውን ቱቦ ከሰልባትዮው ነቅለው ከጀሪካኑ ያገናኙ፤ የመላሹንም ቱቦ ወደዚያው ይመልሱ። አየሩን በእጅ ፖምፓው ያስወጡና ያችኑ መታጠፊያ ይውጡ። መኪናው ከጎተተ በሽታው በሰልባትዮው ወይም በቱቦው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን መንካት አያስፈልግም። ካልጎተተ ደግሞ የመኪናው ግማሽ ከጥርጣሬ ወጣ። የመሳቢያው ቱቦ ላይ አንድ ስንዝር ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቢያስገቡ፣ አረፋ ሲያልፍ በዓይንዎ ያያሉ፤ አረፋ ካለ አንዱ መጋጠሚያ አየር እየሳበ ነው።

ፖምፓውን ሳይፈቱ የምትታይ ሌላም ትንሽ ነገር አለች። በመላሹ ቱቦ መነሻ ላይ፣ በሲሊንደሮቹ ቁጥር ልክ መግፊያዎች በመስመር የተደረደሩበት ፖምፓ ባላቸው ሞተሮች፣ ስፕሪንግ ያላት ቫልቮላ (መክፈቻና መዝጊያ) ትገኛለች። ሥራዋ በፖምፓው ውስጥ ግፊት መያዝ ነው። ስፕሪንጓ ከላላ ወይም የቀየራት ሰው ተራ ብሎን ከገጠመባት፣ ጤነኛ ፖምፓ የደከመ ይመስላል።

የጭሱ መውጫ

ብዙ የጭነት መኪኖች በጭስ ማውጫው ላይ የሚዘጋ የሞተር ፍሬን አላቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ የሚያድንዎት እሱ ነው። ነገር ግን መዝጊያው በጥላሸት ተይዞ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ከቀረ፣ በመልሱ ጉዞ ሞተሩን አፍኖ ይይዘዋል። «ሲወርድ ደህና ነበር፣ ሲመለስ እምቢ አለ» የሚል ሰው ሲመጣ ቀድሜ የማየው ይህንን መዝጊያ ነው። የተጨፈለቀ ማርሚታም (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ያው ነው።

ኖዝልና እመቃ

ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ እየሠራ ከኖዝሎቹ የቧንቧ ብሎኖች አንዱን ግማሽ ዙር ብቻ ያላሉ፤ ድምፁ ከተለወጠና ከወረደ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር። ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው። ብሎኑን መልሰው አጥብቀው ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ጨርቅ ይሸፍኑበት፣ መነጽር ያድርጉ፣ እጅዎንም ያርቁ፤ በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ከገባም በፍጥነት ሐኪም ቤት ነው። በኮምፒውተር በሚታዘዝ አዲስ ሞተር ላይ ይህን ፈጽሞ አይሞክሩ።

የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ሞተሩ እንደ ወናፍ የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስቶኑ ቀለበቶች) አልቀዋል። እመቃ በጌጅ ሲለኩም አንድ ነገር ያስታውሱ፦ የፋብሪካው መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። ደሴ ላይ የተለካ ጤነኛ ሞተር ከዚያ አንድ አራተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ሊያነብ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሞተር «አልቋል» ተብሎ ሲፈርስ አይቻለሁ። ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ያወዳድሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወረደ ያኔ ይጨነቁ። የሞተሩን ቫልቮላዎች ክፍተት ከዚህ ልኬት በፊት ማስተካከልዎን አይርሱ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ምንም ካልተገኘ ፖምፓው ይፈታ። ከመነሣቱ በፊት ከሞተሩ ጋር የሚገጥምበትን መስመር በመሮ ጭረት ምልክት ያድርጉ፤ ከኖዝሎቹ ጋር አብሮ መፈተሻ ማሽን ላለው ባለሙያ ይሂድ። ፖምፓው ላይ በእርሳስ ማኅተም የታሸገችውን፣ የናፍታውን ከፍተኛ መጠን የምትወስነውን ብሎን «ትንሽ ልክፈትልህ» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ግን ቁልፉን ይቀበሉት። አየሩ በሳሳበት ቦታ የሚጨመር ናፍታ ጥቁር ጭስ ይሆናል፤ ሙቀቱም የሚያርፈው ፒስቶኑ ላይ ነው።