ዋንጫ ነዳጅ አይሞላም፦ የማርሽ ባንድ ገንዘብ አያያዝ ለወሎ ልጆች

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይም ወልዲያ ማርሽ ባንድ ካላችሁ ወይም ልታቋቁሙ ካሰባችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ስለ ድራም አመታት አልጽፍም፤ እሱን አሰልጣኛችሁ ያውቀዋል። የምጽፈው ስለ ብር ነው። ባንድ የሚበተነው ልጆቹ ድራም መምታት አቅቷቸው አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚበትነው "ይቺን ውድድር ብቻ እንሂድ፣ ከዚያ እንከፍላለን" ተብሎ የተገባ ዕዳ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ድራም ኮር የሚባል ነገር አለ። ዩቲዩብ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ከመቶ በላይ ወጣት ድራም፣ ጥሩምባና ባንዲራ ይዞ ስታዲየም ውስጥ እየተራመደ ይጫወታል። በዋናው ውድድር የዕድሜ ጣሪያው 22 ዓመት ገደማ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይወዳደራሉ፣ ሌሊት የትምህርት ቤት ጂም ወለል ላይ ይተኛሉ፣ ኩሽናቸው በከባድ መኪና ይከተላቸዋል። አባላቱ ደሞዝ አይከፈላቸውም፤ እንዲያውም እነሱ ናቸው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚከፍሉት። ያም ሆኖ የሚዘጉ አሉ። ካዴትስ የሚባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1934 ኒው ጀርሲ ውስጥ ተቋቁሞ 10 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2024 ግን ተዘጋ፣ ለኪሳራም አመለከተ። መደርደሪያው ላይ 10 ዋንጫ ነበረ እኮ።

መጀመሪያ የአንድ ቀን መንገድ ስንት እንደሚያስወጣ እወቁ

ብዙ ባንድ የዓመት በጀት ሲሠራ ከዩኒፎርም ይጀምራል። ተዉት። ዩኒፎርም አንዴ ይገዛል። የሚበላችሁ መንገድ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ በግማሽ ቀን ያልቃል። ወልዲያ ግን 120 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 400፤ እሱ ማደሪያ አለው፣ እራት አለው፣ ቁርስ አለው፣ የሚታመም ልጅም አይጠፋም።

እንዲህ አስሉት። ለምሳሌ 30 ልጆች ናችሁ እንበል። ቅጥቅጥ ኪራይ 12,000 ብር፣ ምግብ በነፍስ ወከፍ 250 ብር ሆኖ 7,500፣ ለስቲክ፣ ለውሃና ለድንገተኛ 1,500። ድምሩ 21,000 ነው፣ ለአንድ ልጅ 700 ብር ይደርሳል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ ዋጋው በየወሩ ስለሚለዋወጥ የራሳችሁን አስገቡ። ዋናው ነገር ያቺ የመጨረሻዋ ቁጥር በወረቀት ተጽፋ ልምምድ ቦታው ግድግዳ ላይ መለጠፏ ነው። አሰልጣኙ "አምስት ልጅ እንጨምር፣ ድምፁ ይሞላልናል" ሲል ሁሉም ሰው አምስት ልጅ በየጉዞው ስንት እንደሚያስጨምር ያያል።

መሣሪያም እንደዚሁ ነው። ድራሙ 24,000 ብር ቢገዛና 4 ዓመት ቢያገለግል፣ በየወሩ 500 ብር እያለቀ ነው ማለት ነው። ያቺን 500 በየወሩ ካላስቀመጣችሁ በ4ኛው ዓመት ለልመና ትወጣላችሁ። የሀገራችን ከበሮ ይሻላል፣ ቆዳው ሲላላ እዚሁ ይጠገናል፤ እኔ ብትጠይቁኝ ግማሹን ክፍል በከበሮ ብታደርጉት ወጪው ብቻ ሳይሆን ድምፁም የወሎ ይሆናል።

ዓመታችሁን በሚገባ ብር ልክ ቁረጡት

ውድድሩን መጀመሪያ መርጦ ብሩን በኋላ መፈለግ የተለመደ ነው። ገልብጡት። መጀመሪያ በእርግጠኝነት የሚገባውን ቁጠሩ፣ ከዚያ የሚያስኬዳችሁን ያህል ሂዱ። የሽልማት ብር በእርግጠኛው ውስጥ አይቆጠርም። "ቃል ገብቶልናል" የተባለ ስፖንሰርም አይቆጠርም፣ ባንክ እስኪገባ ድረስ።

እዚህ ላይ የወሎን ነገር ልብ በሉ። የእኛ ገቢ በሁለት ሃይማኖት አቆጣጠር ነው የሚሄደው። ጥር ላይ የክርስቲያኑ ሠርግ ይደራል፣ ጥምቀትም አለ። ከዚያ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ይገባና ሠርጉ ቀጥ ይላል። ሌላ ጊዜ ያን ክፍተት የሙስሊሙ ሠርግ ይሸፍነዋል። ግን ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ በ2017ም በ2018ም ሁለቱ ጾሞች በቀናት ልዩነት ገጠሙ። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ይጾማል፣ የባንዱም ካዝና አብሮ ይጾማል። ስለዚህ መስከረም ላይ ስታቅዱ የሁለቱንም ጾም ቀን ካላንደር ላይ አቅልሙ፣ እነዚያን ሳምንታት ገቢ ዜሮ ብላችሁ አስቡ፣ ልምምድ ብቻ አድርጓቸው። ሰኔና ሐምሌ የምረቃ ሰሞን ነው፣ ጥሩ ነው። ነሐሴ ዝናብ ነው፣ ድራምም ዝናብ አይወድም፤ ወደ ላስታ በኩል ላላችሁ ግን የልጃገረዶቹ በዓል አለና ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ።

መዋጮ

ትንሽና የማይቋረጥ ይሁን። በሳምንት የሻይ ዋጋ የምታህል ብር ሁሉም ልጅ ከከፈለ በዓመት አንዴ በግርግር ከሚሰበሰብ ትበልጣለች። መክፈል የማይችል ልጅ ይኖራል፣ ሁሌም አለ። በሰው ፊት አትጠይቁት። መሣሪያ የመጫንና የማውረድ፣ ዩኒፎርም የማጠብ ሥራ ስጡትና በመዝገቡ ላይ "በሥራ የከፈለ" ብላችሁ ጻፉ። ሌላ ደግሞ የባንዱን ብር ዕቁብ አትጣሉበት። ዕጣው የሚወጣበትን ቀን እናንተ አትወስኑም፣ ቅጥቅጡ ግን ቅዳሜ ጠዋት ነው ብር የሚፈልገው።

ሥራ ስትቀበሉ አትፈሩ

ሠርግ፣ ምረቃ፣ የሱቅ ምርቃት፣ የእግር ኳስ ጨዋታ፤ ሁሉም ሥራ ነው። የወሎ ሰው ደግ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። "የልጆች ነገር አይደል፣ ምሳ እናበላቸዋለን" ይሏችኋል።

"ጋሼ፣ ለምሳው አላህ ይስጥልኝ፤ ቅጥቅጡ ግን ምሳ አይበላም" በሏቸው። ይስቃሉ፣ ከዚያ ይከፍላሉ። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ። ሠርጉ ቢሰረዝ ቀብዱ ይመለስ አይመለስ የሚለውን አስቀድማችሁ ጻፉት፣ ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

የዋጋ ነገር ደግሞ ብቻችሁን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1971 እዚያ አሜሪካ የቡድን መሪዎቹ ተሰባስበው ውድድር አዘጋጆች የሚከፍሉን አይበቃንም አሉ። ተባብረው የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ፣ በ1972 ዊስኮንሲን ውስጥ ኋይትዋተር በምትባል ከተማ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ራሳቸው አካሄዱ። እኛም ዘንድ የደሴው፣ የኮምቦልቻውና የሐይቁ ባንድ ተቀምጠው "ከዚህ ብር በታች ማንም አይወጣም" ቢባባሉ ያለ ምንም በጀት የሚሠራ ነገር ነው። አሁን ያለው እርስ በርስ ዋጋ መሰባበር ነው፣ ደጋሹም ያንን ያውቃል።

ቶምቦላ፣ ስፖንሰር፣ ማኅተም

ብሉ ዴቭልስ የሚባለው የካሊፎርኒያ ቡድን በቢንጎ ጨዋታ ገቢ ያገኛል። የእኛ ቶምቦላ ለዚህ ይቀርባል። ግን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ፈቃዱም ከብሔራዊ ሎተሪ ነው፤ ትኬት አሳትሞ ዝም ብሎ ማዞር ጣጣ ያመጣል። አንዳንድ ወላጅም እንደ ቁማር አይቶ ልጁን ሊያስቀር ይችላል። መጀመሪያ ወላጆችን ጠይቁ።

ስፖንሰር ለመጠየቅ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሞልቷል። ብር ብቻ አትጠይቁ። ጨርቅ፣ ውሃ፣ ለአንድ ቀን መኪና ጠይቁ፤ ለሥራ አስኪያጅ ከብር ይልቅ ዕቃ መስጠት ይቀለዋል። የቢራ ስም ግን ልጆች ደረት ላይ አታስለጥፉ። ብሩ ቢያጓጓም ግማሹን አባል ቤቱ ያስቀረዋል፣ ያላስቀረም ያፍራል። ማኅተምና ደረሰኝ ከሌላችሁ የፋብሪካ ፋይናንስ ክፍል አያናግራችሁም። ስለዚህ ወይ በትምህርት ቤት ወይም በወጣት ማዕከል ሥር ሁኑ፣ ወይ ተመዝገቡ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ትርፉን አባላት ሊከፋፈሉት ግን አይችሉም።

ብሩ የት ይቀመጥ

በባንዱ ስም ባንክ። ሦስት ፈራሚ ይኑር፣ ሁለቱ ካልፈረሙ አይወጣ፣ አንዱ ወላጅ ይሁን። ዛሬ ትልቁ ጣጣ ቴሌብር ነው። ሠርገኛው በመሪው የግል ስልክ ይልካል፣ መሪው በቅን ልብ የልጁን ወተት ይገዛበታል፣ በወሩ መጨረሻ የማን ብር የማን እንደሆነ አይለይም። ሌብነት ሳይኖር ሐሜት ይወለዳል፣ ሐሜት ደግሞ ከሌብነት በላይ ባንድ ይበትናል። በሰው ስልክ የገባ ብር በማግስቱ ባንክ ይግባ፣ ደረሰኙ የባንዱ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፍ። መዝገቡ ተራ ደብተር ቢሆን ችግር የለውም፤ ገቢ በግራ፣ ወጪ በቀኝ፣ በየወሩ አንዴ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

መጠባበቂያ ያዙ። ከእያንዳንዱ ገቢ ከመቶ አሥር እጁ አይነካ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት የአሜሪካው ውድድር ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። እኛ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንት ዕቃ እንደጠፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። መሣሪያ ሁሉ በአንድ መጋዘን አይቀመጥ። ዝርዝሩንና ፎቶውንም ሌላ ቤት አኑሩ።

ሰው የማይወደው አንድ ርዕስ አለ። ካዴትስን ወደ መዘጋት የገፋው የብር እጥረት ብቻ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት በአባል ላይ ደረሰ ከተባለ ጥቃት ጋር የተያያዘ ክስም ነበረበት። ልጆች የሚያድሩበት ጉዞ ካላችሁ ሴት አስተባባሪ ይኑር፣ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር አይደር፣ የወላጅ ፊርማ ይኑር። ይህንን በጀት ውስጥ አስገቡት፣ ምክንያቱም ተጨማሪ ሰው ተጨማሪ ወንበርና ተጨማሪ ምሳ ነው።

ውድድሩ ሳምንት ቀርቶት ብሩ ካልሞላስ? ሦስት አማራጭ አለ። ቁጥር ቀንሳችሁ ሂዱ፣ 30 ሳይሆን 18 ልጅ በተመረጠ ዜማ። ወይም ከሌላ ባንድ ጋር መኪና ተጋሩ። ሁለቱም ካልሆነ አትሂዱ፤ ለአዘጋጁ ዛሬውኑ ደውሉ፣ ቦታችሁን ለሌላ እንዲሰጥ። ልጆቹ ያለቅሳሉ። በዚያው ቅዳሜ ፒያሳ ወጥታችሁ ለከተማው ሰው ተጫወቱ፣ የመዋጮ ሣጥን ፊት ለፊት አስቀምጡ፣ የተሰበሰበውን እዚያው በሁሉም ፊት ቁጠሩት። ብድር ግን አይሆንም፣ ከአሰልጣኙ ኪስም ቢሆን።