የሕፃናት የመጽሐፍ ቅዱስ የቃል ጥናት ውድድር፦ ደንቡና ዝግጅቱ

የሕፃናት የቃል ጥናት ውድድር የሚያዘጋጅ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ አስቀድሞ የሚወስነው ነገር ልጆቹ ከየትኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያጠኑ ነው፤ ቀኑ፣ ዳኞቹና ሽልማቱ ከዚያ በኋላ የሚደርሱ ናቸው። በአንዱ ቤት በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው አዲሱ መደበኛ ትርጉም፣ በሌላው ደግሞ ሰማንያ አሐዱው (ሰማንያ አንድ መጻሕፍት ያሉት የኦርቶዶክስ መጽሐፍ ቅዱስ) ይገኛል፤ ብዙ ወላጆችም ዛሬ የሚያነቡት ስልካቸው ላይ ከጫኑት ነው። ልጁ በቤቱ ባለው መጽሐፍ ለሁለት ወር ሲያጠና ከርሞ ዳኛው በሌላ ትርጉም ቢያዳምጠው፣ በትክክል ያጠናው ቃል ሁሉ ስሕተት ሆኖ ይቆጠርበታል። ይህ በሕፃን ላይ የሚደርስ በደል ስለሆነ፣ የውድድሩ ክፍል ከአንድ እትም ላይ ተገልብጦ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፎና ተባዝቶ ለሁሉም አጥቢያዎች በአንድ ቀን ይታደል። ዳኞችም የሚከታተሉት ከዚሁ ወረቀት ላይ ይሁን።

የመዝሙረ ዳዊት ቁጥር ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር በግእዙ ዳዊት 22ኛ ሲሆን፣ የዕብራይስጡን አቆጣጠር በሚከተሉ እትሞች 23ኛ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ ተብለው የተለዩት መዝሙራት በግሪኩና በግእዙ እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ነው፤ ስለዚህ ከ1 እስከ 8 እና ከ148 እስከ 150 ያሉት በሁለቱም ዘንድ አንድ ቁጥር ሲኖራቸው፣ በመካከል ያሉት አብዛኞቹ በአንድ ይለያያሉ። የደንቡ ወረቀት «መዝሙር 22» ብሎ ብቻ ካለፈ አንዱ አጥቢያ «አምላኬ፥ አምላኬ» የሚለውን፣ ሌላው «እረኛዬ ነው» የሚለውን አጥንቶ ይመጣል። ከቁጥሩ ጎን የመዝሙሩ የመጀመሪያ ሐረግ ይጻፍ፤ በመዝሙሩ ራስ ላይ ያለው አርእስት መባል አለመባሉም በግልጽ ይጠቀስ።

ምድብና መጠን

ሕፃናቱን በሦስት ምድብ መክፈል በቂ ነው፦ ከ5 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 10 እና ከ11 እስከ 14 ዓመት። ለትንንሾቹ ከመዝሙራት ሁሉ አጭር የሆነውን፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ያለውን መዝሙር 116 (በዕብራይስጡ ቁጥር 117) እና ስድስት ቁጥር ያለውን መዝሙር 150 መስጠት ይቻላል፤ ሁለተኛው በገናንና ከበሮን ስለሚጠራ በቤተ ክርስቲያን ያዩትን እያሰቡ በደስታ ይይዙታል። ለመካከለኞቹ «እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙር 6 ቁጥርና ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ከቁጥር 9 እስከ 13 ያለው ጸሎት በድምሩ 11 ቁጥር ይሆናሉ። ለትልልቆቹ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ከቁጥር 3 እስከ 12 ያለውን የብፁዓን ትምህርትና 13 ቁጥር ያለውን አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13 መስጠት ይገባል። ከዚህ በላይ መጫን ልጁን ወደ ማነብነብ ይገፋዋል፤ ሃያ ሦስት ቁጥር አስተውሎ የያዘ ልጅ ሃምሳ ቁጥር ሸምድዶ በሳምንቱ ከረሳው ልጅ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በሰሜን ሸዋ አንድ ተጨማሪ ምድብ ያስፈልጋል። በመንዝ፣ በአንኮበርና በሌሎችም አካባቢዎች የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብበው፣ ዳዊት ወደ መድገም የደረሱ ልጆች አሉ። እነዚህ ከቁጥር (ፊደል በፊደል ከመቁጠር) እስከ ቁም ንባብ ባለው ሥርዓት ያለፉ፣ ተነሹንና ወዳቂውን (የግእዝ ቃላትን የአነባበብ ዓይነት) የለዩ ስለሆኑ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከሚማር የከተማ ልጅ ጋር ማወዳደሩ ለሁለቱም አይጠቅምም። ለእነርሱ የግእዝ ምድብ ከፍቶ አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ መስጠት ይገባል፤ የዚህን ምድብ ዳኝነትም የንባብ መምህር እንጂ ሌላ ሰው ሊይዘው አይችልም።

ቀኑ

የገጠር ልጅ በኅዳርና በታኅሣሥ ከአጨዳና ከውቂያ አይርቅም፤ ከብት መጠበቁም በእርሱ ላይ ይወድቃል። በክረምት ደግሞ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤት የመንፈቀ ዓመት ፈተና አልቆ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ወይም ከጰራቅሊጦስ በኋላ ዝናቡ ሳይበረታ ያለው ጊዜ ይመረጥ። ውድድሩ ከተደረገበት ቀን ወደ ኋላ ስምንት ሳምንት ተቆጥሮ ክፍሉ መታደል አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ሞግዚት ወይም የተማረ ወላጅ ላለው ልጅ ብቻ ያደላል።

አጠናኑ

ከስምንቱ ሳምንታት ስድስቱ አዲስ ቁጥር የሚያዝባቸው፣ ሁለቱ የክለሳ ይሁኑ። መካከለኛው ምድብ በሳምንት ሁለት ቁጥር፣ ትልቁ ምድብ አራት ቁጥር ቢይዝ ያለ ጥድፊያ ይደርሳል።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ምንም ነገር በቃላቸው አይያዙ። መምህሩ ክፍሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀስ ብሎ ያንብብላቸው፤ ማን ለማን እንደተናገረው፣ የት እንደሆነና ከባዱ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳቸው፤ ከዚያም በራሳቸው አነጋገር እንዲተርኩት ያድርግ። «አይታበይም» ወይም «አይመካም» የሚለውን ቃል ትርጉሙን ሳያውቅ የያዘ ልጅ በመድረክ ላይ ትንሽ ሲደናገጥ መጀመሪያ የሚጠፋበት ይኸው ያልገባው ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የአባቶች መንገድ ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ልጁ ይቀበላል። አንድ ቁጥር በሐረግ በሐረግ ይከፈላል፤ በነጠላ ሰረዙ ላይ ትንፋሽ ይወሰዳል፣ በአራት ነጥቡ ላይ ድምፅ ይወርዳል። የመጀመሪያው ሐረግ ሦስት ጊዜ ከተባለ በኋላ ሁለተኛው ብቻውን ይባላል፤ ቀጥሎ ሁለቱ አንድ ላይ። የቁጥሩ መጨረሻና የሚቀጥለው ቁጥር የመጀመሪያ ቃል ተያይዘው ለብቻቸው መለማመድ አለባቸው፤ ምክንያቱም ልጆች የሚቆሙት አብዛኛውን ጊዜ በቁጥሩ ውስጥ ሳይሆን ከቁጥር ወደ ቁጥር በሚሻገሩበት ቦታ ነው። «…የሚያሳጣኝም የለም» ብሎ ፀጥ የሚለው ልጅ ቀጣዩን ቁጥር አያውቀውም ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው ያጣው።

ተመሳሳይ አነጋገር የሚመላለስባቸው ክፍሎች ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። በብፁዓን ትምህርት የመንግሥተ ሰማያት ተስፋ በቁጥር 3 ተነግሮ በቁጥር 10 ይመለሳል። ልጁ ቁጥር 3ን ጨርሶ ልቡ ወደ ቁጥር 10 ከሄደ፣ በቀጥታ ወደ ቁጥር 11 ይሻገርና ስለሚያዝኑት፣ ስለ የዋሆችና ስለሚያስተራርቁት የተነገረውን ሁሉ ሳያውቀው ዘልሎ ይጨርሳል፤ እንዲያውም ሁሉንም እንዳለ እርግጠኛ ሆኖ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን ብቻውን ማስጠናት ነው። ልጁ በጣቶቹ እየቆጠረ በመንፈስ ድሆች፣ የሚያዝኑ፣ የዋሆች፣ ጽድቅን የሚራቡና የሚጠሙ፣ የሚምሩ፣ ልበ ንጹሖች፣ የሚያስተራርቁ፣ የሚሰደዱ ብሎ ስምንቱን ስም ይጥራ፤ ይህ ሳይደናቀፍ ሲወጣለት ተስፋዎቹን በየቦታቸው ያስገባቸው። በአንደኛ ቆሮንቶስ 13 ፍቅር የሚያደርገውንና የማያደርገውን በሚዘረዝሩት ቁጥሮችም ላይ እንዲሁ ይደረግ።

ክለሳው ከአዲሱ ጥናት ይልቅ ዋጋ አለው። ትናንት የተያዘ ቁጥር ዛሬ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላና ከሁለት ሳምንት በኋላ ይባል። በየቀኑ አሥር ደቂቃ እሑድ ብቻ ከሚደረግ ሁለት ሰዓት ይሻላል፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በሜዳ፣ የከተማው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሊለው ይችላል። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ማድመጥ ይችላሉና ከዝግጅቱ ውጭ አይደረጉ፤ ታላቅ እኅት ወረቀቱን ይዛ እየተከታተለች እናት ልጇን «እስቲ በልልኝ» ካለችው፣ ልጁ በሰው ፊት መናገርን በዚያው ይለምዳል። የመምህሩ ንባብ በስልክ ተቀድቶ ለወላጆች ቢላክም ፊደል ያልቆጠሩትን ይረዳል።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ልጆቹ ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የሚቻል ከሆነም በውድድሩ አዳራሽ ውስጥ ይለማመዱ። ከመካከል እንዲጀምሩም ይጠየቁ፤ ከመጀመሪያው ብቻ መጀመር የለመደ ልጅ ዳኛው ከቁጥር 4 ጀምር ሲለው ግራ ይጋባል።

የዳኝነቱ ደንብ

ደንቡ ክፍሉ በሚታደልበት ዕለት ተጽፎ ለወላጆችና ለመምህራን ይነበብ፤ ጥናት ከተጀመረ በኋላ አይለወጥ። ዳኞቹ ሦስት ይሁኑ። ማንም ዳኛ የራሱ ልጅ ወይም ያስተማረው ልጅ በሚቀርብበት ምድብ አይቀመጥ። ከዳኞቹ ሌላ አንድ ሰዓት ያዥና አንድ አስታዋሽ ያስፈልጋሉ።

ለነጥቡ ቀላል መለኪያ እመርጣለሁ። እያንዳንዱ ቁጥር 10 ነጥብ ይይዛል። ለተለወጠ ወይም ለተዘለለ አንድ ቃል 1 ነጥብ፣ ለተዘለለ ሐረግ 3 ነጥብ ይቀነሳል፤ ሙሉ ቁጥሩን የዘለለ የዚያን ቁጥር 10 ነጥብ ያጣል። ልጁ ቢቆም 10 ሰከንድ ይጠበቅና አስታዋሹ ቀጣዩን አንድ ቃል ብቻ ይነግረዋል፤ ለዚህም 2 ነጥብ ይቀነሳል። ተሳስቶ ወደሚቀጥለው ቁጥር ሳያልፍ ራሱ ያረመ ልጅ ምንም አይቀነስበትም፤ ስሕተቱን ራሱ መስማቱ ቃሉን ለማወቁ ምስክር ነውና። አማካዩ የሦስቱ ዳኞች ውጤት ተደምሮ ለሦስት ተካፍሎ ይገኛል።

ዳኞችን የሚያከራክረው ግን የጽሑፉና የአፍ አነጋገሩ ልዩነት ነው። በ1954ቱ መጽሐፍ «ሰወርሁ» ተብሎ የተጻፈውን ልጁ እንደ አፍ መፍቻው «ሰወርኩ» ሊለው ይችላል። ነገሩ አንድ ስለሆነና ልጁ ምንም ስላልለወጠ እዚህ ላይ ነጥብ መቀነስ የለበትም። «ሰወርሁ» ባለበት «ደበቅሁ» ቢል ግን ቃሉ ተለውጧልና 1 ነጥብ ይቀነሳል። የመንዝ ልጅ የመንዝን፣ የምንጃር ልጅ የምንጃርን ዘዬ ይዞ ቢናገርም አይነካበት። ፍጥነት ነጥብ አያሰጥም፤ ይህን ለልጆቹ ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ትንፋሽ ሳይወስዱ ይሮጡበታል።

ውጤታቸው እኩል የሆነ ልጆች ቢኖሩ፣ ከተሰጠው ክፍል ውስጥ ዳኞች ከሚመርጡት መካከለኛ ቁጥር ጀምረው ሦስት ቁጥር እንዲሉ ይደረግ፤ ከዚያም እኩል ከሆኑ ደረጃውን ይካፈሉ። በሕፃናት መካከል አንዱ እስኪወድቅ ድረስ መቀጠል አያስፈልግም።

የውድድሩ ዕለት

በደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው፤ ልጅ እየተንቀጠቀጠ በቃሉ ሊል አይችልም። ስለዚህ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም ይጀመር። በሸዋ ሮቢት ግን ሙቀቱ ሳይበረታ ማለቅ አለበት። ከደብረ ሲና ጣርማ በርን ወጥተው የሚመጡ ልጆች ጉሙ መኪናውን ሊያዘገየው ስለሚችል ዕጣቸው መጨረሻ ላይ ቢመደብ ይሻላል። ከቅዳሴ ቀጥሎ ከሆነ ልጆቹ ሳይበሉ የቆዩ ናቸውና ከመጀመሩ በፊት ዳቦና ሻይ ይቅረብላቸው፤ ቆሎ ግን ጉሮሮ ስለሚያደርቅ በኋላ ይሁን።

የአቀራረብ ተራው በዕጣ ይወሰን፤ ትንንሾቹ ምድቦች ይቅደሙ። ልጁ ከዳኞች ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ቢቆምና ወደ መምህሩ ማየት ቢችል ይረጋጋል። ወላጆች ከንፈራቸውን እንዳያንቀሳቅሱ፣ እንዳይጠቁሙና ልጁ ሲሳሳት እንዳይስቁ አስቀድሞ በጥብቅ ይነገራቸው። አንድ ልጅ አልቅሶ ቢያቆም አቅራቢው «አይዞህ፣ ተቀመጥና ውኃ ጠጣ፤ በመጨረሻ እንሰማሃለን» ብሎ ሁለተኛ ዕድል ይስጠው፤ ይህም በደንቡ ውስጥ ተጽፎ ይገኝ እንጂ በዕለቱ እንደ ችሮታ አይታይ።

ለተሳተፉት ሁሉ አንድ ዓይነት ማስታወሻ ይሰጥ፤ ለአሸናፊዎች መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዳዊት ወይም ደብተር ይበቃል። ገንዘብ መስጠትን አልደግፍም፤ በቀጣዩ ዓመት ልጁም ወላጁም ገንዘቡን ብቻ ይጠብቃሉ።

የእያንዳንዱ ልጅ የነጥብ ወረቀት በዚያው ዕለት ለመምህሩ ይመለስ፤ የተዘለሉትና የተለወጡት ቃላት ተሰምረውበት ይሁን። መምህሩም በቀጣዩ እሑድ የተሳሳቱትን ቁጥሮች ብቻ ከልጆቹ ጋር ይከልስ፤ ከአንድ ወር በኋላም ሙሉውን ክፍል ያለ ነጥብና ያለ ዳኛ አንድ ጊዜ ያስብላቸው።