ስድሳ ተጫዋች፣ ዘጠኝ ዙር፦ በአዲስ አበባ እምብርት ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር ስታዘጋጁ

በቼዝ ውድድር ላይ ጭቅጭቅ የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ሳይሆን በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር ነው። ዘግይቶ የመጣ ተጫዋች ስንት ደቂቃ ይጠበቃል? ሁለት ሰዎች እኩል ነጥብ ሲይዙ በምን ይለያሉ? ሽልማቱ በብር ነው በዶላር? ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? ስለዚህ አዳራሽ ከመፈለጋችሁ በፊት ሁለት ገጽ ደንብ ጽፋችሁ ለብሔራዊው ፌዴሬሽን አሳዩ። ውድድሩን በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ በፊዴ፣ ዘንድ የሚያስመዘግበው እሱ ነው፤ ሳይመዘገብ የተጀመረ ውድድር ሬቲንግ (የተጫዋች ጥንካሬ የሚለካበት ነጥብ) አይታሰብለትም።

ሰዓቱን 90 ደቂቃ፣ ከመጀመሪያው እንቅስቃሴ ጀምሮ ደግሞ በእያንዳንዱ 30 ሰከንድ ጭማሪ አድርጉት። ፊዴ የጊዜውን ልክ የሚያሰላው በ60 እንቅስቃሴ ስለሆነ ይህ ለአንድ ተጫዋች 120 ደቂቃ ይሆናል፤ ለማንኛውም ሬቲንግ ይበቃል። የአዳራሽ ኪራይ ለመቆጠብ ብላችሁ 60 ደቂቃ ብቻ ብትሰጡ ግን ጠንካራ ሬቲንግ ያላቸው ሰዎች የተሳተፉባቸው ጨዋታዎች በመደበኛው ሬቲንግ አይቆጠሩም። እንግዳውን ከሩቅ አገር ያመጣው ይኸው ሬቲንግ ነውና ቁጠባው ኪሳራ ነው።

ዘጠኝ ዙር የምንመክረው ለኖርም፣ ማለትም ለማዕረግ ለሚቆጠር ውጤት፣ ነው። የኢንተርናሽናል ማስተር (ከግራንድማስተር ቀጥሎ ያለው ማዕረግ) ኖርም ለማግኘት አንድ ተጫዋች በዘጠኝ ጨዋታ ቢያንስ ሦስት ኢንተርናሽናል ማስተር ወይም ግራንድማስተር መግጠም፣ ከራሱ ፌዴሬሽን ውጭ ከሁለት ፌዴሬሽኖች የመጡ ተጋጣሚዎች ማግኘትና 2450 የሚደርስ ብቃት ማሳየት አለበት። ሁለትና ሦስት ባለማዕረግ ብቻ ጋብዛችሁ «ኖርም ይገኝበታል» ብላችሁ አታስተዋውቁ። ማን ከማን እንደሚጋጠም የሚወስነው የድልድሉ ሥርዓት ሦስቱንም ለአንድ ሰው እንደሚያገናኘው ዋስትና የለም፤ ከስድስት እስከ ስምንት ቢመጡ ነው ነገሩ እውን የሚሆነው።

ቀን መምረጥ

መሀል ከተማው የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። ደመራ መስከረም 16 መስቀል አደባባይን ይዘጋል፤ ከተራና ጥምቀት፣ ጥር 10 እና 11፣ ወደ ጃን ሜዳ የሚወስዱትን መንገዶች ይይዛሉ፤ የኅዳሩ ታላቁ ሩጫም እንዲሁ። በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሲኖር ሆቴል ይጠፋል፣ መንገድም ይዘጋል። ሐምሌና ነሐሴ ተማሪዎች ነፃ የሚሆኑበት ጊዜ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ውስጥ የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ ዳኛ የሚናገረው አይሰማም። የሰርግ ወራትም አለ፦ ጥርና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ቅዳሜና እሑዶች። የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ስለ እናንተ አዳራሽ ብቻ አትጠይቁ፤ በግድግዳ የሚዋሰነው አዳራሽ ለማን እንደተያዘም ጠይቁ። ግድግዳው ተጣጣፊ ከሆነ ለሙሽራው ሲዘፈን የእናንተ ተጫዋች አብሮ ይሰማል።

ከስታዲየም፣ ከለገሃርና ከሜክሲኮ አካባቢ ያለ አዳራሽ የሚመረጠው ሁለቱም የቀላል ባቡር መስመሮች በዚያ ስለሚያልፉ ነው። ከየሰፈሩ የሚመጣው የአገር ውስጥ ተጫዋች በታክሲ ሰልፍ ቢዘገይ እንኳ አማራጭ ያገኛል። መዘግየትን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው፦ ደንባችሁ የሚታገሠውን ጊዜ ካልጠቀሰ ልኩ ዜሮ ደቂቃ ነው፤ ሰዓቱ ሲነሣ ወንበሩ ላይ ያልተገኘ ተሸነፈ ማለት ነው። የመሀል ከተማውን መጨናነቅ የሚያውቅ ሰው 30 ደቂቃ ብሎ ይጽፋል።

ሰዓት ሲጻፍ ሌላ ወጥመድ አለ። «ዙር 1፣ 9:00» ብላችሁ ከለጠፋችሁ የውጭው እንግዳ ጠዋት ይመጣል፣ የእኛው ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ይመጣል። በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ላይ ሁለቱንም አስፍሩ፦ ከቀኑ 9:00 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር 15:00። ቀኑንም እንዲሁ።

ምዝገባ

ብዙ ሰው ቀላል ይመስለዋል እንጂ ሬቲንግ የሚበላሸው እዚህ ነው። በቅጹ ላይ የልደት ዓመት «በአውሮፓ አቆጣጠር» ተብሎ ካልተጠየቀ ግማሹ 2000 ብሎ የሚጽፈው በእኛ ነው፤ ያ ልጅ በፊዴ መዝገብ የ2007 ወይም የ2008 ልጅ መሆን ሲገባው በሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል፣ ከታዳጊዎች ሽልማትም ይወጣል። ስምም አለ። አንድ ሰው በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ መልክ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ መልክ ከተጻፈ ሁለት የፊዴ ቁጥር ወጥቶለት ውጤቱ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንምና «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሳጥን ውስጥ አንዱ አባቱን፣ ሌላው አያቱን ይሞላል። አዲስ ቁጥር ከማስወጣታችሁ በፊት በስሙም በአባቱም ስም በመዝገቡ ፈልጉ፤ ፓስፖርት ያለው በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይመዝገብ።

ሬቲንግ የሌለው ተጫዋች የመጀመሪያውን ሬቲንግ ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ሰዎች ጋር ቢያንስ 5 ጨዋታ ያስፈልገዋል፤ ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛው ሬቲንግ 1400 ነው። ይህን ለወላጆች ቀድማችሁ ብትነግሩ በመጨረሻው ቀን «የልጄ የታለ?» ከሚል ጥያቄ ትድናላችሁ።

ዕቃና አዳራሽ

ለ60 ሰው 30 ጠረጴዛ በቂ ነው፤ ሰሌዳና ጠጠር ግን 33፣ ሰዓትም 33 ያዙ። የሰሌዳው አንድ ቤት ጎን ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ንጉሡ ደግሞ ወደ 9.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ትርፍ ንግሥት በሁለቱም ቀለም አስቀምጡ፤ ከሌለ ተጫዋች ወታደሩን አድርሶ ሮክ የሚባለውን ጠጠር ገልብጦ «ንግሥት ነው» ይላል፣ በሕጉ ግን የተገለበጠ ሮክ ሮክ ነው። የጨዋታ መመዝገቢያ ወረቀት በኮፒ 540 ይበቃል፤ 600 አሳትሙ፣ እስክርቢቶም 80። የጠረጴዛው ከፍታ 74 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። የሆቴል ክብ የግብዣ ጠረጴዛ አይሆንም፤ ሰሌዳው መሀል ሲቀመጥ ክንድ አይደርስም።

ብርሃኑን ማየት ያለባችሁ ማታ ነው። ፊዴ የሚመክረው 800 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) አካባቢ ሲሆን፣ የሰርግ አዳራሽ ቢጫ መብራት ግን ከዚያ በጣም ያንሳል፤ በስልክ የሚሠራ የብርሃን መለኪያ ግምቱን ይሰጣችኋል። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቦታ ከአዳራሹ ውጭ፣ ከበሩም ርቆ ይሁን። ፈንዲሻ ውስጥ አይግባ። (ሳቅ ያስነሣ ይሆናል፤ ጸጥ ባለ አዳራሽ ግን የሚንኮሻኮሸው ጆሮ ይሰቅላል።) ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ፣ በየቀኑም ውሃ ይዘጋጅ፤ ከባሕር ጠረፍ የመጣ እንግዳ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለአራት ሰዓት ሲቀመጥ ራሱን ያመዋል፤ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት እንዲገባ ንገሩት።

መብራት ቢጠፋ የቼዝ ሰዓት በባትሪ ስለሚሠራ መቁጠሩን አያቆምም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባለው ጨለማ የተጫዋቹ ጊዜ ይፈስሳል። «ብርሃን ሲጠፋ ሁለታችሁም ሰዓቱን አቁሙ» የሚለውን በመክፈቻው ንግግር አንብቡት። የድልድሉ ኮምፒውተር ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ይኑረው፣ ፋይሉም ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ በፍላሽ ይቀዳ።

ሰዓቶቹን ራሳችሁ ሙሏቸው። ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስሕተት 30 ሰከንዱን በጭማሪ ፈንታ በመዘግየት ዓይነት መሙላት ነው፤ ተጫዋች ያልተጠቀመበት ሰከንድ ይቀልጥበታል። በትክክል የተሞላ ሰዓት ሁለት ጊዜ ሲመታ ቁጥሩ ሲጨምር ታያላችሁ። እያንዳንዱ ዳኛ ከውድድሩ በፊት 2 ደቂቃ መጨመር ይለማመድ፤ ለመጀመሪያው ሕገ ወጥ እንቅስቃሴ ተጋጣሚው የሚያገኘው ይኸው 2 ደቂቃ ነው፣ በሁለተኛው ደግሞ የፈጸመው ይሸነፋል። በተጨናነቀ ሰዓት ቁልፉን የሚፈልግ ዳኛ ሁለቱንም ተጫዋች ያናድዳል።

በጨዋታው ቀን

ስልክ መግቢያው ላይ ቁጥር ባለው ፖስታ ይሰብሰብ። በጨዋታ ጊዜ ያልተፈቀደ መሣሪያ የተገኘበት ተሸናፊ ነው፤ ለዝናም ለዕድሜም የሚራራ ሕግ አይደለም።

ድልድሉ በስዊስ ሥርዓት፣ በፊዴ በጸደቀ ፕሮግራም ይሠራ። በመጀመሪያው ዙር 1ኛው ከ31ኛው፣ 2ኛው ከ32ኛው ይጋጠማሉ። ከዚያ ወዲያ ነጥባቸው የሚቀራረብ ይገናኛሉ፤ ሁለት ሰዎች ሁለቴ አይገናኙም። ተጫዋቹ ጎዶሎ ከሆነ አንዱ ያለ ጨዋታ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ሩቅ ተጉዞ መጥቶ ያለ ጨዋታ የሚቀመጥ እንግዳ ስለሚከፋው ለመሙያ የሚገባ አንድ የክለብ ተጫዋች ዝግጁ ይሁን። «እነዚህ ሁለቱ ያገር ልጆች ናቸው፣ ለያዩልን» የሚል ልመና ይመጣል፤ የታተመ ድልድል ለልመና አይነካም።

ዳኞች አራት ይሁኑ፦ አንድ ዋና ዳኛ፣ ሁለት በመደዳዎች መካከል፣ አንድ በድልድሉ ላይ። ኖርም ካለ ኢንተርናሽናል ዳኛ የግድ ነው። የይግባኝ ኮሚቴ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ከሦስት ሰዎችና ከሁለት ተጠባባቂዎች ይቋቋም፤ አባላቱ ከተለያዩ ፌዴሬሽኖች ቢሆኑ ይሻላል። አዳራሹን ከቀኑ 8:00 እስከ ምሽቱ 2:30 ያዙት፤ 100 እንቅስቃሴ የደረሰ ጨዋታ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ የጽዳት ሠራተኛ ወንበር እየደረደረ ፍጻሜ ጨዋታ አይጫወቱበትም።

ጨዋታ ሲያልቅ ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ይፈርሙ፤ ንጉሦቹን ነጭ ካሸነፈ በመሀሉ ነጭ ቤቶች ላይ፣ ጥቁር ካሸነፈ በጥቁሮቹ ላይ፣ እኩል ከሆነ በየአንዱ ላይ ያስቀምጡ። ተገልብጦ የገባ ውጤት የሚያዘው በዚህ ነው። ያልተያዘው ግን የሚቀጥለውን ዙር ድልድል በሙሉ ያበላሻል፣ ከታተመ በኋላ መመለስም ከባድ ነው። ስለዚህ ውጤቱ እንደተለጠፈ ተጫዋቾች አይተው የሚቃወሙበት 15 ደቂቃ ስጡ፤ ድልድሉ ከዚያ በኋላ ይውጣ። ከዘጠነኛው ዙር በኋላም ተመሳሳይ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ዋንጫ ከመስጠታችሁ በፊት የሪፖርቱን ፋይል ከ270ዎቹ የተፈረሙ ጨዋታዎች ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩና ለፌዴሬሽኑ የሬቲንግ ኃላፊ በዚያው ምሽት ላኩ። ወረቀቶቹንም ሬቲንጉ እስኪወጣ ድረስ አትጣሉ።