ፍሎፒ ድራይቭን እቤት ከሰራችሁት ቦርድ ጋር በቀጥታ እንዴት ታገናኙታላችሁ

ፍሎፒ ድራይቭ ብዙ ነገር የሚያውቅ ይመስላል እንጂ ስራው ዲስኩን ማሽከርከር፣ ሄዱን (ዲስኩን የሚያነበውን ጫፍ) ወዲህ ወዲያ መውሰድ እና ዲስኩ ላይ ያለው ማግኔት አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር አንድ አጭር ፐልስ መላክ ብቻ ነው። ፋይል ምን እንደሆነ፣ ሴክተር (ዳታው የሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል) የት እንደሚጀምር አያውቅም፣ ያ ሁሉ የናንተ ኮድ ስራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን፣ ከዛ ሄዱን፣ ከዛ ማንበቡን ያዙ፣ መጻፍ ይቆይላችሁ።

የማወራው ስለ ተለመደው 3.5 ኢንች ባለ 1.44 ሜጋባይት ድራይቭ ነው። መጀመሪያ ፕሮሰሰራችሁ ይችል እንደሆነ እዩ። ፐልሶቹ በ2፣ በ3 ወይ በ4 ማይክሮሰከንድ ልዩነት ነው የሚመጡት፣ በ4 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ዚ80 ፕሮሰሰር ግን በ2 ማይክሮሰከንድ ውስጥ ያለው 8 ክሎክ (የፕሮሰሰሩ ምት) ብቻ ነው፣ አንዴ ፖርት ለማንበብ ደግሞ ቢያንስ 11 ይፈጅበታል፣ በቃ በሶፍትዌር አይሆንም። እንደዛ ከሆነ ወይ እንደ ኢንቴል 8272 ያለ ኮንትሮለር ቺፕ መሃል ታስገባላችሁ፣ ወይ ፐልስ የመጣበትን ሰዓት ራሱ የሚመዘግብ ታይመር ያለው ማይክሮኮንትሮለር ትጠቀማላችሁ። በ16 ሜጋኸርዝ የሚሰራ ኤቲሜጋ328 ይበቃል፣ ከዚህ በታች ያለው በሱ ነው።

ኬብሉ 34 ፒን ነው፣ ጎዶሎ ቁጥሮቹ ባብዛኛው ግራውንድ ናቸው፣ ሙሉ ቁጥሮቹ ሲግናል። ሁሉም ሲግናል ወደ ዜሮ ቮልት ሲወርድ ነው የሚሰራው። መሃሉ ያልተጠማዘዘ ቀጥ ያለ ኬብል ከሆነ ለድራይቩ የምትልኩት በ12 መምረጫውን፣ በ16 ሞተሩን፣ በ18 አቅጣጫውን፣ በ20 ስቴፑን (ሄዱን አንድ እርምጃ የሚያንቀሳቅሰውን)፣ በ32 የዲስኩን ጎን ነው። ከሱ የምትቀበሉት ደግሞ በ8 ኢንዴክስ (ዲስኩ አንዴ በዞረ ቁጥር የሚመጣ ፐልስ)፣ በ26 ትራክ ዜሮ (ሄዱ የመጀመሪያው ትራክ፣ ማለትም ክብ መስመር፣ ላይ መሆኑን የሚናገር) እና በ30 ዳታውን ነው። 22 እና 24 ለመጻፊያ ስለሆኑ ለጊዜው ባዶ ተዉዋቸው።

ከድራይቩ በሚመጡት መስመሮች ላይ ወደ 5 ቮልት 1 ኪሎኦም ፑል አፕ ሬዚስተር (መስመሩን ወደ ላይ የሚመልስ) አድርጉ። ቺፑ ውስጥ ያለው ፑል አፕ ይበቃል ብዬ ዘልዬው ስንት ቀን ኮዴን ስፈትሽ ከረምኩ፣ ችግሩ ግን እሱ ከ20 ኪሎኦም በላይ ስለሆነ መስመሩ ቶሎ ወደ ላይ አይመለስም፣ ፐልሶቹም ይዋሃዳሉ። ቦርዳችሁ በ3.3 ቮልት የሚሰራ ከሆነ ደግሞ መሃል ላይ የቮልት መቀየሪያ ሳታስገቡ አታገናኙት።

ለድራይቩ የራሱን 5 ቮልት ስጡት፣ ግራውንዱ ግን ከቦርዱ ጋር አንድ ይሁን። ከዛ ዲስክ ሳታስገቡ አብሩት። ምንም ሳታዙት መብራቱ በርቶ ከቀረ ኬብሉ ተገልብጧል ማለት ነው። ይሄን በደንብ ያዙልኝ፣ በተገለበጠ ኬብል የመጻፊያው መስመርም ግራውንድ ላይ ስለሚያርፍ በዛ ሰዓት የገባ ዲስክ ላይ ያለው ነገር ሊጠፋ ይችላል። በኋላ ዲስክ ስታስገቡም የመጻፍ መከላከያው ቀዳዳ ክፍት ይሁን።

አሁን ዲስኩን አስገቡና 12ን እና 16ን ወደ ዜሮ አውርዱ፣ ግማሽ ሰከንድ ጠብቁ። ፒን 8 ላይ በየ200 ሚሊሰከንዱ አንድ ፐልስ ካያችሁ ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ እየዞረ ነው፣ ልክ ነው።

ሄዱ የት እንዳለ ስለማይታወቅ ወደ ዜሮ ትመልሱታላችሁ። 18ን ወደ ላይ አድርጉና ፒን 26 እስኪወርድ ድረስ 20 ላይ አጭር አጭር ፐልስ ላኩ፣ በየመሃሉ 3 ሚሊሰከንድ። ትራኮቹ 80 ናቸው፣ ከ85 ስቴፕ በኋላም ካልወረደ አቁሙና ገመዱን ፈትሹ። ካቆመ በኋላ ሄዱ እስኪረጋ 15 ሚሊሰከንድ ስጡት።

ማንበቡ ላይ ነው ጨዋታው ያለው። ኢንተረፕት (ፕሮሰሰሩን ከስራው የሚያቋርጥ ጥሪ) በሙሉ አጥፉ፣ ታይመሩ ፒን 30 በወረደ ቁጥር ሰዓቱን ይያዝ፣ እናንተ ልዩነቱን አስሉ። በ16 ሜጋኸርዝ 32፣ 48 ወይ 64 ክሎክ አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ሞተሩ ትንሽ ስለሚወዛወዝ ድንበሩን 40 እና 56 ላይ አድርጉት። አጭሩን 01፣ መካከለኛውን 001፣ ረጅሙን 0001 ብላችሁ ደርድሩ። ከነዚህ ቢቶች አንድ እየዘለለ ግማሹ ክሎክ (እዚህ ጋ ጊዜ መጠበቂያ ቢት ማለት ነው)፣ ግማሹ ዳታ ነው፣ ግን የቱ የቱ እንደሆነ የሚታወቀው በሄክስ (በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር) 4489 ሶስቴ ተከታትሎ ሲመጣ ነው። ይሄ ምልክት ሆን ተብሎ አንድ ክሎክ የጎደለው ስለሆነ ተራ ዳታ ውስጥ አይገኝም። ከሱ ቀጥሎ በሄክስ ኤፍኢ የሆነ ባይት ከመጣ የሴክተሩ አድራሻ ነው፣ ትራክ፣ ጎን፣ የሴክተር ቁጥር፣ መጠን። በሚቀጥለው ምልክት ኤፍቢ ከመጣ ደግሞ 512 ባይት ዳታ እና 2 ባይት ሲአርሲ (ዳታው በትክክል መነበቡን ማረጋገጫ ቁጥር) ይከተላል። ሲአርሲው ካልገጠመ ዲስኩ እስኪዞር ጠብቁና ደግማችሁ አንብቡ፣ በመጀመሪያው ዙር ባይገጥም አትደንግጡ።

ለመሞከር በዶስ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ውሰዱና ትራክ 0 ጎን 0 ሴክተር 1ን አንብቡ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች በሄክስ 55 እና ኤኤ መሆን አለባቸው። ከዛ 32ን ወደ ዜሮ አውርዳችሁ የጎን 1ን ሴክተር 2 አንብቡና እንደ ጽሑፍ አውጡት፣ ዲስኩ ላይ ያሉት የፋይል ስሞች እዛ ናቸው።