«ፍሊት»ን ጣና ላይ መጠቀም፦ ለአስጎብኚዎችና ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች

ባሕር ዳር ውስጥ «ፍሊት» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የትንኝ መድኃኒት ነው። ስሙ የንግድ ስም ነበር፤ የአሜሪካው ስታንዳርድ ኦይል በ1923 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ካዋለው ፀረ ተባይ የመጣ ሲሆን፣ እኛ ዘንድ የማንኛውም የሚነፋ መድኃኒት መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ሆቴል ውስጥ ትንኝ ያስቸገረው እንግዳ ግን ላይገባው ስለሚችል «ኢንሴክት ስፕሬይ» ይበሉት።

እዚህ የምንናገረው ግን ስለ እንግሊዝኛው ግስ «ፍሊት» ነው። ትንሽና ቀላል ነገር ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ፈጠን ብሎ፣ የትም ሳይቆይ ሲሄድ «ፍሊት» ይባላል። ቅለት፣ ፍጥነት፣ አለመርጋት፤ ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ቃል ይፈለግ። አማርኛ ይህን የሚገልጸው በ«አለ» ግሶች ስለሆነ አንድ ቋሚ ትርጉም ከመሸምደድ እንደ ሁኔታው ማየት ይሻላል። ወፏ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ «ብር ብር» ስትል ፍሊት ነው። ሐሳብ በአእምሮ «ውልብ» ሲልም ፍሊት ነው። «ቱር ብላ በረረች» ግን መነሣቷን ብቻ ስለሚናገር አይገጥምም።

አነባበቡ ላይ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንደኛው «ፍ»ን ከ«ል» ነጥሎ ማንበብ ነው፤ ሁለቱ ድምፆች በመካከላቸው አናባቢ ሳይገባ አንድ ላይ ይውጡ። ሁለተኛው «ሊ»ን መሳብ ነው። ከተሳበ «መርከቦች» ወይም «ፈጣን» የሚል ትርጉም ያለው ሌላ ቃል ይሆናል። ድምፁ በሳልሱ «ሊ» እና በሳድሱ «ል» መካከል ያለ አጭር ድምፅ ነው። ሲጻፍ ኃላፊ ጊዜው ላይ ቲ ትደገማለች፤ የሚነበበውም «ፍሊቲድ» ተብሎ ነው።

አሁን ወደ ጀልባው። ዘጌ ጫካ ውስጥ አበባ የምትቀስመው ትንሿ ወፍ ለዚህ ቃል የተፈጠረች ይመስላል፦ «ኤ ሰንበርድ ኢዝ ፍሊቲንግ ፍሮም ፍላወር ቱ ፍላወር»። ደንገሉ ውስጥ ገባ ወጣ የሚሉት ሸማኔ ወፎችም እንዲሁ፤ ለእነሱ «ኢን ኤንድ አውት ኦቭ ዘ ፓፒረስ» ይጨመራል። «ፍሊት»ን የአማርኛ ግስ አድርገን ሲመሽ የሌሊት ወፍም «ትፈልታለች» ብንል ደስ ባለን፣ አማርኛችን ግን አይፈቅድም፤ በእንግሊዝኛው ግን ለሌሊት ወፍ ፍሊት ማለት ትክክል ነው።

ፔሊካን ግን በፍጹም አይሆንም። ከባድ ወፍ ነው፤ ክንፉን ዘርግቶ ሲንሳፈፍ «ግላይድ» ይባላል። ዓሣ የሚበላው ንስር ከፍ ብሎ ሲዞር «ሶር»። ጥቁርና ነጭ የሆነችው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ውኃው ላይ ባለችበት ስታንዣብብ «ሆቨር»፣ ቁልቁል ስትወረወር «ዳይቭ»። ቀጥ ብላ እንደ ቀስት ካለፈች «ዳርት» ነው። ብዙ ሰው የሚያደናግረው «ፍላተር» ነው፦ እሱ የክንፍ መርገብገብን ይናገራል፤ ፍሊት ደግሞ ጉዞውን። አንዲት ቢራቢሮ አንድ አበባ ላይ ሆና ክንፏን ብታርገበግብ ፍላተር ነው፤ ወደሚቀጥለው ስትሄድ ፍሊት ይመጣል።

ግሱ ተሳቢ አይወስድም፤ «ወፏን ፍሊት አደረገ» የሚባል ነገር የለም። የሚከተሉት መስተዋድዶች ናቸው፦ «አባውት» ለወዲያ ወዲህ፣ «ቢትዊን» ለሁለት ቦታ፣ «ፍሮም» እና «ቱ» ለመነሻና መድረሻ፣ «አክሮስ» ፊት ላይ ብልጭ ብላ ለጠፋች ፈገግታ፣ «ስሩ» ለሐሳብ።

ለሰው ሲውል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሥራ ሥራ «ፍሊት» የሚያደርግ ሰው መባል ሙገሳ አይደለም፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን የሚጀምር ማለት ነው። ስለዚህ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ ወደ ሌላ ገዳም ለሚሄድ እንግዳ ይህን ቃል ከተጠቀሙ፣ ላይ ላዩን አይተህ አለፍህ እንዳሉት ሊቆጥረው ይችላል። «ዊ ዊል ፍሊት ቱ ደቅ አይላንድ» ማለትም ያስቃል፤ «ክሮስ» በቂ ነው።

ቃሉ ከጥንታዊ ኖርስ ሲመጣ «ማጓጓዝ፣ ማዛወር» የሚል ትርጉም ነበረው። ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ይህ ትርጉም ዛሬም አለ፤ ከዚያ የመጣ እንግዳ «በሚቀጥለው ወር ፍሊት እናደርጋለን» ካለ ቤት ሊቀይር ነው። «ሙንላይት ፍሊት» ደግሞ ኪራይ ወይም ዕዳ ሳይከፍሉ በሌሊት ጓዝን ጠቅልሎ መጥፋት ነው። ጎህ ሳይቀድ ከሆቴል ለሚነሣ እንግዳ «ኧርሊ ስታርት» ይበሉት፤ ሙንላይት ፍሊት ካሉት ሒሳቡን ሳይዘጋ ሊሾልክ ነው ማለትዎ ነው።